ሹመትና ሽልማት

በአማርኛ ቋንቋ አንዳንድ ቃላት እንደ ጥማድ በሬ ተቀናጅተው ይኖራሉ። «ሹመትና ሽልማት» ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለ ደግ ንጉሥ ሲነገር «ሾመ፣ ሸለመ» ይባላል፤ ሥልጣን ያገኘውን ወዳጃችንን «ሹመት ያዳብር» ብለን እንመርቀዋለን። ሁለቱ ቃላት በንግግር ልማድ ከመጣመራቸው የተነሣ ትርጉማቸውም አንድ መስሎ ይታየናል። ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። ሹመት ወደ ፊት ይመለከታል፤ ገና ላልተሠራ ሥራ የሚሰጥ አደራ ነው። ሽልማት ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ለተፈጸመ ሥራ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። የሹመት መሠረቱ ተስፋ ሲሆን የሽልማት መሠረቱ ፍርድ ነው።

ይህን ልዩነት ያነሣነው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ፖለቲከኞችንና ለሕዝብ ጉዳይ የሚሟገቱ ሰዎችን በየዓመቱ እየመረጡ መሸለም የተለመደ ሆኗል። ዳኞች ይሰየማሉ፤ የዕጩዎች ስም ይጠራል፤ ካባ ይደረባል፤ ገጣሚው ግጥሙን ያነባል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ገና በሥልጣን ላይ ያለን ሰው መሸለም ይገባልን? ብዙ ሺሕ ሰዎች የደከሙበትን ዘመቻስ በአንድ ሰው አንገት ላይ በሚንጠለጠል ሜዳይ ማክበር ፍትሕ ነውን?

ሽልማት ምስክርነት እንደ መሆኑ መጠን የምስክርነትን ሕግ መጠበቅ ይኖርበታል። ምስክር ነገሩን በዓይኑ ያየ ሊሆን ይገባል። ከሚመሰክርለት ሰው ጋር የሥጋ ወይም የጥቅም ትስስር ሊኖረው አይገባም። ደግሞም የሚናገረው ስለ ሆነው ነገር እንጂ ስለሚሆነው አይደለም። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ሽልማት በስም ሽልማት ቢባልም በግብሩ ሹመት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ባጭሩ ይኸው ነው።

የደረስጌ ዘውድ

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሰሜንን ተራሮች ያቋረጠ መንገደኛ የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ መካነ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይህን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ዘውድ የሚጭኑበት ስፍራ እንዲሆን አስበው እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ በዚያው በደረስጌ ድል አደረጓቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥም ካሣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው፣ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ውቤ ለራሳቸው ክብር ያሳነጹት ቤት የባላንጣቸው ክብር መፈጸሚያ ሆነ፤ እሳቸውም ቀሪ ዘመናቸውን በእስር አሳለፉ።

ከዚህ ታሪክ የሚቀዳው የመጀመሪያው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የራስን ክብር በራስ እጅ ማዘጋጀት ከንቱ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ግን ጠለቅ ያለ ነው። በደረስጌ የተጫነው ዘውድ ለቴዎድሮስ የተሰጠ ምስክርነት አልነበረም፤ ሹመት ነበር። በዚያች ቀን የሰውየውን ልክ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። የዘመነ መሳፍንትን ክፍፍል ለማክተም ያደረጉት ትግል፣ በጋፋት ያሠሩት መድፍ፣ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ማቃጠላቸው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የፈጸሙት ሞት፣ ይህ ሁሉ ገና አልመጣም ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቴዎድሮስን ታላቅነት ልመስክር የሚል ሰው ቢነሣ ኖሮ ምስክር ሳይሆን ጠንቋይ ነበር።

ዛሬ በጎንደር ከተማ የቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። እስቲ ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። ያቃጠሏት ከተማ ሐውልት አቆመችላቸው! ከተማይቱ ይህን ያደረገችው ቃጠሎውን ረስታ አይደለም፤ ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ያን ዘመን እየተረኩ ለልጅ ልጅ አስተላልፈውታልና። ይልቁንም ሙሉው ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ ንጉሡም ሊያስፈራሩ፣ ወዳጃቸውም ሊጠቀም በማይችልበት ዘመን፣ ለአንድ ዓላማ ለተከፈለ ዋጋ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ይህ ዓይነቱ ክብር ሰውየውን ከበደል ነጻ አያደርግም፤ ነጻ አወጣለሁም አይልም።

በገዥ ስም የቆመ ሚዛን

በዘመናዊት ኢትዮጵያ ዓመታዊ ሽልማትን በተቋም ደረጃ ካስጀመሩት ዋነኛው በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነው። ከተሸላሚዎቹ መካከል ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ፣ ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ይገኙባቸዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲሸለም ገና ወጣት ነበር። እነዚህ ሰዎች ሽልማቱ አይገባቸውም ነበር የሚል ቢኖር ዓይኑን የጨፈነ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ በገዥው ስም የተሰየመ ነበር። ገዥ ሠዓሊን ሲሸልም ሠዓሊው ብቻ አይከበርም፤ ሸላሚውም የጥበብ አባት ተብሎ በተሸላሚው ይሸለማል። በመሆኑም ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ሲወድቅ ሽልማቱም አብሮት አከተመ። የገብረ ክርስቶስ ሥዕልና የጸጋዬ ተውኔት ግን አልወደቁም፤ ዋጋቸው ከሽልማቱ የመነጨ አልነበረምና። ተሸላሚው ከሽልማቱ በላይ ዕድሜ ሲያገኝ የፈረሰው ሚዛኑ እንጂ የተመዘነው አለመሆኑን እንረዳለን።

ሥልጣን ለሌላው መመስከሩን ትቶ ለራሱ መመስከር ሲጀምር ደግሞ ከዚህ የከፋ ይከተላል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲከበር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኀብ እየረገፈ ነበር። ለራሱ ያጨበጨበ እጅ በዚያው ቅጽበት ለሌላው ሊዘረጋ አልቻለም። ራስን የማወደስ ዋናው ጉዳት ትዕቢት ብቻ አይደለም፤ የጭብጨባው ድምፅ ሌላውን ድምፅ ሁሉ መዋጡ ነው።

ግዴታን መሸለም

በእኛ ዘመን ከመንግሥት ውጭ ከተነሡት ዓመታዊ ሽልማቶች መካከል ብዙ የተነገረለት በ2005 ዓ.ም. በዲያቆን ዳንኤል ክብረት አነሣሽነት የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ነው። ዕጩዎችን ከሕዝብ ጥቆማ ይቀበላል፤ መምህራንን፣ የሳይንስ ሰዎችን፣ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችንና በጎ አድራጊዎችን ይሸልማል። ከዘርፎቹ አንዱ መንግሥታዊ ኃላፊነትን በብቃት መወጣት የሚል ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ሹም ሥራውን በሚገባ ቢሠራ ያደረገው ግዴታውን አይደለምን? ለግዴታውስ ደመወዝ አይከፈለውምን? እረኛ ከብቱን ሳይሰርቅ ስለ ዋለ ይሸለማልን?

ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕይወትን በሙሉ አያይም። በአፋችን የሚመላለሰውን ምሳሌያዊ አነጋገር እናስታውስ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ይህ ተረት ብቻ አይደለም፤ ትውልድ የተማረበት ያልተጻፈ የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ነው። ያልበላውን ሹም ሞኝ፣ የበላውን ብልኅ አድርጎ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለ ተረት በነገሠበት አገር ንጹሕ እጅ ያለውን ሹም በአደባባይ አቁሞ «ይህ ሰው ሞኝ አይደለም» ማለት ከምስጋና የሚያልፍ ተግባር ነው፤ ተረቱን በተረት መመለስ ነው። ልጆቻችን ሌባውን በስም የሚያውቁትን ያህል ታማኙን በስም ካላወቁ፣ ታማኝነት በመጽሐፍ ላይ ብቻ ያለ ነገር መስሎ ይታያቸዋል። ስለዚህ ግዴታን መሸለም ይገባል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ግዴታ ብርቅ በሆነበት ዘመን ይገባል የሚለው መልስ ሚዛን ይደፋል።

ይህን ከተቀበልን በኋላ ግን የማንኛውንም ሸላሚ ቅንነት የሚፈትን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ በሥልጣን ላይ ባለው ሹም ላይ ተቃራኒውን መመስከር ይቻላልን? አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲሉ የገለጹት የፍርሃትን ሕግ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ ዘበኛና ባለጉዳይ ስለ ኃላፊያቸው ሲጠየቁ እንጀራቸውን፣ ዝውውራቸውንና ፋይላቸውን ያስባሉ። የእነሱ ድጋፍ ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ከፍርሃትም ሊሆን ይችላል፤ ዳኛው ግን ሁለቱን የሚለይበት ወንፊት የለውም። መንቀፍ በማይቻልበት ስፍራ ማመስገን ክብደት የለውም። የሽልማት ሚዛን የሚቆመው ነቀፋና ምስጋና በእኩል ነጻነት በሚነገሩበት መሬት ላይ ብቻ ነው።

በቅድሚያ የተከፈለ ምስጋና

በዓለም መድረክ ይህን ጉዳይ ከማንም ይልቅ በቅርብ የምናውቀው እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። መስከረም 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የኖርዌይ የኖቤል ኮሚቴ የዓመቱን የሰላም ሽልማት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መስጠቱን አስታወቀ። የሽልማቱ ምክንያት በተለይ ከኤርትራ ጋር የነበረውን የድንበር ውዝግብ ለመፍታት የወሰዱት ርምጃ ነበር። ለሃያ ዓመታት ተዘግቶ የነበረ በር መከፈቱ፣ የተለያዩ ቤተሰቦች መገናኘታቸው እውነት ነበር። ኮሚቴው ራሱ ሽልማቱ ፈጥኗል የሚሉ እንደሚኖሩ ሳይሸሽግ፣ ጥረቱ ማበረታቻ እንደሚያሻው ገለጸ። «ማበረታቻ» የሚለውን ቃል እንያዘው። ማበረታቻ ፊቱ ወደሚመጣው ጊዜ ነው፤ በእኛ አከፋፈል ስሙ ሹመት እንጂ ሽልማት አይደለም።

ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ትግራይን፣ አማራንና አፋርን አደማ። በዳባት ወረዳ በጭና በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የረገፉት ገበሬዎች የዚሁ የሰሜን ጎንደር ደጋ ልጆች ናቸው። በጥር ወር 2014 ዓ.ም. የኖቤል ኮሚቴው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግጭቱን የማስቆም ልዩ ኃላፊነት አለባቸው ሲል መግለጫ አወጣ። የፕሪቶርያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። የጦርነቱን ተጠያቂነት ማከፋፈል የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የምናየው የሸላሚውን ጭንቀት ነው። ምስክር ቃሉን ከሰጠ በኋላ ተመልሶ «አደራህን» ብሎ ሲማጸን፣ መጀመሪያ የሰጠው ቃል ምስክርነት እንዳልነበረ ራሱ ይገልጣል። የኖቤል ሽልማት ደግሞ አንዴ ከተሰጠ አይነጠቅም። ሹመት ሽረት አለው፤ ሽልማት ሽረት የለውም። ሁለቱን ማደባለቅ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ነው።

በዚሁ ሽልማት ታሪክ ሕጉን ከዳኞቹ ይልቅ ጠብቆ የተገኘ ተሸላሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሽልማቱ ለአሜሪካዊው ሄንሪ ኪሲንጀርና ለቬትናማዊው ሌ ዱክ ቶ በጋራ ሲሰጥ፣ ሌ ዱክ ቶ በአገሩ ሰላም ገና አልሰፈነም ብሎ አልቀበልም አለ። በሌላ በኩል ማኅተመ ጋንዲ ደጋግመው ቢታጩም ሳይሸለሙ ሞቱ። በተገደሉበት በ1948 ኮሚቴው የሚገባው ሕያው ዕጩ አላገኘሁም ብሎ የዓመቱን ሽልማት ሳይሰጥ አለፈ። እንግዲህ ጋንዲን በሽልማቱ የሚመዝን የለም፤ ሽልማቱን ግን በጋንዲ የሚመዝኑት ብዙዎች ናቸው።

በአፍሪቃ ምድር ለዚህ ችግር መላ ለማበጀት የሞከረ ሽልማት አለ። ሱዳን ተወላጁ ሞ ኢብራሂም ያቋቋመው ሽልማት የሚሰጠው በምርጫ ሥልጣን ይዘው፣ ሕገ መንግሥታዊ ዘመናቸውን አጠናቀው፣ መንበሩን በሰላም ለለቀቁ መሪዎች ብቻ ነው። የመጀመሪያው ተሸላሚ እ.ኤ.አ. በ2007 የሞዛምቢኩ ዮአኪም ቺሳኖ ነበሩ። በ2009፣ በ2010፣ በ2012ና በ2013 ግን የሚገባው ሰው አልተገኘም ተብሎ ወንበሩ ባዶ ቀረ። ሥልጣን መልቀቅን በ5 ሚሊዮን ዶላር መካስ በራሱ የሚያከራክር ነው፤ ሕግ ማክበር ዋጋ ሊቆረጥለት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ሆኖም ከዚህ አሠራር ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን፤ ከሽረት በኋላ መመዘንና ባዶ ወንበርን አለመፍራት። በየዓመቱ ግድ መሸለም አለበት ያለ ሸላሚ፣ ሰው ባጣ ዓመት ሰው መፍጠር ይጀምራልና።

ድር ሲያብር

እስካሁን ያልነው ስለ ባለሥልጣን ነው። ለሕዝብ ጉዳይ የሚሟገተው ሰው ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። እሱ የሚያስፈራበት ሥልጣን የለውም፤ እንዲያውም ሽልማቱ ከአሳዳጆቹ የሚከልለው ጋሻ ሊሆን ይችላል። የእሱ ችግር ብዛት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ግን የምንሸልመው አንዱን ክር መዝዘን ነው።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ያካሄዱትን ትግል እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጅየምን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተቀበሉ፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን የዘመቻው ኃይል የቆመው በማኅበረሰብ ውይይት ላይ ነበር፤ ሳይገረዙ በአደባባይ ለመዳር የደፈሩ ልጃገረዶች፣ እነሱን ለማግባት የደፈሩ ጎረምሶች፣ ልማዱን ለመተው ቃል የገቡ አሮጊቶችና ሽማግሎች ነበሩበት። ከተሟጋቹ ሰው ንግግር ይልቅ የእነዚያ ሙሽሮች ሠርግ የበለጠ ድፍረት ጠይቋል። ስለሆነም ተሟጋቹን መሸለም ሐሰት ባይሆንም፣ ሌሎቹ ካልተጠሩ ጎዶሎ እውነት ነው።

ሽልማትን ለዘመቻው እንጂ ለሰው ባለመስጠት ይህን ለማረም የሞከረ ምሳሌም አለን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት በዩኔስኮ አማካይነት አግኝቷል። በዛፍ ጥላ ሥር ያስተማሩ መምህራን፣ በአሻራ ፋንታ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ገበሬዎች የሽልማቱ እውነተኛ ባለቤቶች ነበሩ። ሆኖም ያ መንግሥት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፊደል የቆጠረውን ወጣት በየጎዳናው ያስረሸነ ነው። ታዲያ ሽልማቱ ስሕተት ነበርን? አልነበረም፤ ፊደሉ እውነት ነበርና። ስሕተት የሚሆነው የፊደሉን ሜዳይ ደም ለመሸፈን የያዘው እጅ ነው። ሽልማት ለሥራው ይመስክር እንጂ ሠሪውን አያጽድቅ።

የእናቶች ቃል

ጎንደር ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችም። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በአስተዳዳሪው በሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ማልቀስ እንኳ በተከለከለበት ጊዜ የሹሙን ስም እየጠሩ ሙሾ አወረዱ። ያን ሙሾ ዛሬም ከጎንደር ውጭ ሳይቀር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ዳኞቹ እናቶች ነበሩ፤ ያዩትን መሰከሩ፤ ከሹሙ ጥቅም አልጠበቁም፤ ነገሩም ተፈጽሞ ነበር። የምስክርነትን ሕግ ከዚህ በላይ የጠበቀ የአደባባይ ፍርድ ማግኘት ያስቸግራል።

የደጋው ሕዝብ ማመስገንንም የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው። በለቅሶ ሜዳ ሙሾ አውራጁ የሟቹን ሙያ ሲዘረዝር በዙሪያው የቆሙት ከሟቹ ጋር ያረሱ፣ የተበደሩ፣ የተጣሉና የታረቁ ጎረቤቶቹ ናቸው። ያልነበረ ደግነት ቢጨምርለት ሕዝቡ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ከስድብ ይከፋል። እርግጥ ነው፣ ለሞተ ሰው የሚቀርብ ምስጋና ዘግይቷል፤ ሕያው ሰውም ወዳጁ ከሞተ በኋላ የሚለውን በሕይወት ሳለ መስማት ይሻል። ከለቅሶው ሜዳ መውሰድ ያለብን ሞቱን ሳይሆን የምስክሮቹን ቅርበት ነው። ሥራው ከተሠራበት ቀበሌ ርቆ፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት የሚሰጥ ሽልማት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

እንግዲህ ሽልማቶቻችንን አናፍርስ፤ ሕግ እንስጣቸው። ባለሥልጣኑን ከወንበሩ ሲወርድ እንመዝነው፤ በወንበሩ ላይ ሳለ የሚገባው ነቀፋና እገዛ ነው። የሚገባው ባልተገኘ ዓመት ወንበሩ ባዶ ይሁን። የሽልማቱ ምክንያት ከነማስረጃው፣ ሥራው በተሠራበት ስፍራ፣ በተሠራላቸው ሰዎች ፊት ይነበብ፤ «አይደለም» የሚልም ካለ ይናገር። ተሟጋቹ ሲሸለም አብረውት የታገሉት በየስማቸው ይጠሩ።

ይህ ኃላፊነት በተለይ በዚህ መጽሔት አንባብያን ላይ ይወድቃል። ዕጩ የሚጠቁመው ካድሬ አለቃውን ከመጠቆሙ በፊት፣ ከመካነ ብርሃን ወደ ተራራው ቀበሌ በእግሩ ወጥቶ የሚያስተምረውን ሰው ያስብ። መምህሩ ለተማሪዎቹ የተሸላሚዎችን ስም ብቻ ሳይሆን የተሸለሙበትን ምክንያት እንዲጠይቁ ያስተምር። የምስጋናውን ግጥም የምንጽፈው እኛ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ዕዳ አለብን። የጥንቱ አዝማሪ ሲያወድስ እንደሚከፈለው ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የጌታውንም ጉድ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ በዚያው ማዕድ ፊት ይናገር ነበር። ዛሬ በአዳራሹ መድረክ ላይ የምንቆም ባለቅኔዎች ክፍያውን ከወረስን ወርቁንም መውረስ ይገባናል።